ኮስቲክ ወይ አሲድ ሲፈስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ (ድሬ ፋብሪካ ለምትሠሩ)

ሁሌ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ "ኮስቲክ እጄ ላይ ፈሰሰ፣ ሎሚ ላርግበት ወይስ ኮምጣጤ?" አንዳንዱማ እጁ እየነደደ ነው ስልክ የሚደውልልኝ። ኧረ አቦ ስልኩን ዝጋና ውሃ ስር ግባ! ሌላ መልስ የለውም፣ ግን "ውሃ" ብቻ ብዬ ስዘጋው ሰዉ ሁለት ደቂቃ ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለስና ማታ ቁስሉን ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ ስንት ደቂቃ፣ ምን አይነት ውሃ፣ ልብሱ እንዴት እንደሚወልቅ፣ ዓይን ከሆነ ምን እንደሚደረግ አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈውና ፕሪንት አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሳሙና፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሲሚንቶ፣ መጠጥ ፋብሪካ፣ ባትሪ ቤትም ብትሠሩ ያገለግላችኋል።

መጀመሪያ፦ የምትነኩት ነገር ምንድነው

ኮስቲክ ሶዳ፦ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸወድበት ይሄ ነው። ሳሙና የምንሠራው በምንድነው? በዘይትና በኮስቲክ። ቆዳችሁ ላይ ሲፈስም ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው፣ የቆዳችሁን ስብ ሳሙና ያደርገዋል፣ እጃችሁ የሚያሟልጨው ለዛ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ አያምም። ሳያምም ወደ ውስጥ እየገባ ይሄዳል፣ ሲያምም ብዙ ርቆ ሄዷል።

አሲድ (የባትሪ፣ የዝገት ማስለቀቂያ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ)፦ ወዲያው ያቃጥላል፣ ስለዚህ ሰዉ ቶሎ ይሮጣል። ቆዳውን አድርቆ ቅርፊት ስለሚያበጅ ብዙ ጊዜ የኮስቲክን ያህል ጠልቆ አይገባም፣ ግን የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ከሆነ ቀልድ የለም።

ሲሚንቶና ኖራ፦ ደረቁ ብዙም አይመስልም፣ ላብ ሲነካው ግን እሱም እንደ ኮስቲክ ነው፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ፒኤች (የአሲድነትና የኮስቲክነት መለኪያ፣ መሃሉ 7 ነው) 12 እና 13 ይደርሳል። ቡት ጫማ ውስጥ ገብቶ ሙሉ ሺፍት የዋለ ሲሚንቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ጉድጓድ ያወጣል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ እግር የማያልበው ማነው?

ሌላው አሞኒያ (የማቀዝቀዣ ክፍል)፣ በረኪና፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ሁሉም ከታች ባለው መንገድ ነው የሚታጠበው። ለብቻው የሚታየው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፣ እሱን መጨረሻ አካባቢ አመጣዋለሁ።

አደጋው ሳይመጣ የሚዘጋጅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ችግሩ ማወቅ አለማወቅ ሳይሆን ውሃው ነው። አንድም ይጠፋል፣ አንድም ይፈላል።

ሒሳቡን እንየው። የውሃ ጎማ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ቢያፈስ 30 ደቂቃ ለመታጠብ 300 ሊትር ትፈልጋላችሁ፣ 15 ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ደንበኛው የሴፍቲ ሻወር ደግሞ በደቂቃ 75 ሊትር አካባቢ ስለሚያወርድ በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ ይጨርሳል። ስለዚህ "ጥግ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አለን" የሚባለው ነገር አለን አያስብልም።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ጣራ ላይ የተሰቀለ ሮቶና ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ቧንቧ ግንቦት ላይ ቀን 8 ሰዓት ክፈቱትና እጃችሁን ስደዱበት፣ ሻይ ያፈላል ባይባልም አያስቆምም። የዓይንና የሰውነት ማጠቢያ ውሃ ከ16 እስከ 38 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከዛ በላይ ከሞቀ የተጎዳው ቆዳ ላይ ራሱ ውሃው ጉዳት ይጨምርበታል፣ ሰውየውም 20 ደቂቃ አይቆምላችሁም።

ሦስተኛው የውሃችን ጨው ነው። "ውሃችን ጨዋማ ነው፣ ቁስል ያባብሳል ወይ?" የሚሉኝ አሉ፣ አያባብስም፣ ታጠቡበት። ጨዋማነቱ የሚጎዳው ማጠቢያውን ነው፣ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የሻወሩንና የዓይን ማጠቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል። በየሳምንቱ ከፍታችሁ አፍስሱት፣ ከደፈነ በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ አስለቅቁ (ኮምጣጤ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፣ ቆዳ ላይ አይደለም)።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

- ክዳን ያለው 200 ሊትር በርሜል፣ ንጹህ ውሃ የሞላ፣ ጥላ ስር። በተጨማሪ ቢያንስ 5 ጀሪካን። ውሃው በየሳምንቱ ይቀየር
- መቅጃ ጆግ 2፣ የውሃ ጎማ (ቧንቧው ጋ ሁሌ የተሰካ)
- ትልቅ መቀስ፣ ጫፉ ያልሾለ
- ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ
- ረጅም የላስቲክ ወይ የናይትራይል ጓንት 2 ጥንድ፣ ጎግል 2 (ለሚረዳው ሰው)
- የፒኤች ወረቀት፣ ላብራቶሪያችሁ ውስጥ አለ፣ አንድ ጥቅል ለምኑ
- ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ ወይ ስስ የምግብ መሸፈኛ ላስቲክ
- 1 ሊትር ሳላይን (ንጹህ የሕክምና ጨው ውሃ) 2 ወይ 3፣ ለዓይን
- ትርፍ ቱታ፣ ሽርጥና መጋረጃ (ለምን እንደሆነ 3ኛው ላይ ትደርሱበታላችሁ)
- የግድግዳ ሰዓት። አትሳቁ፣ ዋናው ዕቃ እሱ ነው

ቦታውም ኬሚካሉ ካለበት 10 ሰከንድ ተራምዶ የሚደረስበት ይሁን፣ መንገዱ ላይ ፓሌት ወይ ካርቶን አይከመርበት፣ ምክንያቱም የሚመጣው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሊሆን ይችላል።

ሲፈስ፦ ደረጃ በደረጃ

1. ጩኹና ሰውየውን ከቦታው አውጡት። ብቻችሁን አትጀምሩ፣ አንዱ ውሃ ያፈሳል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ መኪና ይፈልጋል። የምትረዱት ሰዎች ጓንትና ጎግል ካላደረጋችሁ አትንኩት፣ አለዚያ ተጎጂው ሁለት ይሆናል። ሽታው የሚያፍን ከሆነ (አሞኒያ፣ ክሎሪን) የጋዝ ማስክ ሳይኖራችሁ ውስጥ አትግቡ፣ ስንቱ ሊያወጣ ገብቶ አብሮ ቀርቷል።

2. ዱቄት ወይ ፍሌክ (ደረቅ ስስ ቅንጣት) ከሆነ መጀመሪያ አራግፉ። ደረቅ ኮስቲክ፣ ኖራ፣ ሲሚንቶ ከሆነ በብሩሽ ወደ ውጭ፣ ከፊት በሚርቅ አቅጣጫ ጥረጉት። ለምን መሰላችሁ፣ ያልጠፋ (ገና ውሃ ያልነካው) ኖራና የኮስቲክ ፍሌክ ውሃ ሲነካው ይሞቃል፣ ጥቂት ውሃ ብቻ ካገኘ ቆዳችሁ ላይ ድስት ጣዱ ማለት ነው። ግን ማራገፉ ከጥቂት ሰከንድ አይብለጥ፣ ፍጹም ንጹህ እስኪሆን አትጠብቁ። ፈሳሽ ከሆነ ይሄን ዝለሉትና በቀጥታ ወደ ውሃው።

3. ውሃው እየፈሰሰ ልብሱን አውልቁ። ከዛ በፊት አይደለም፣ ከዛ በኋላም አይደለም፣ አብሮ ነው። ቱታ፣ ጫማ፣ ካልሲ፣ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ቀለበት፣ ሁሉም ይውለቅ። ኬሚካል የጠጣ ጨርቅ ፋሻ በሉት፣ ቆዳው ላይ ለጥፎ ይይዘዋል። ቲሸርት በጭንቅላት በኩል አታውልቁ፣ ደረት ላይ የነበረው ፊትና ዓይን ላይ ይደርሳል፣ በመቀስ ከፊት ቅደዱት። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ዙሪያውን ቁረጡና እሱን ተዉት።

አሁን የማይወራውን ላውራ። ሴት እህቶቻችን ወንድ ፊት ልብስ ማውለቅ ይከብዳቸዋል፣ ሂጃብ የምታደርግ ደግሞ በጣም ይከብዳታል፣ እናም ኬሚካል የጠጣውን ልብስ እንደለበሰች "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትላለች። መፍትሔው መቆጣት አይደለም። መጋረጃው ቀድሞ ይሰቀል፣ ከየሺፍቱ ሁለት ሴት ሠራተኛ ይሄን ሥራ ትልመድ፣ ንጹህ ሽርጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፣ ወንዶቹ ዞር በሉ። መጋረጃ የሌለበት ሻወር ለግማሹ ሠራተኛ የለም ማለት ነው። ወንዱም ቢሆን ጓደኞቹ ፊት ሱሪ አላወልቅም የሚል ሞልቷል።

4. አጥቡ፣ ሰዓት ያዙ። ውሃው በብዛት ይውረድ ግን በኃይል አይመታ፣ ግፊቱ ኬሚካሉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፣ ወደ ሌላ ቦታም ይረጨዋል። ከደህናው አካል በሚርቅ አቅጣጫ ይፍሰስ። ባልዲ ውስጥ እጅ መንከር አይሆንም፣ የሚፈስ መሆን አለበት፣ ባልዲው ውስጥ ያው ኬሚካሉ አብሯችሁ ነው የሚቀመጠው።

አሲድ ከሆነ ቢያንስ 20 ደቂቃ። ኮስቲክ፣ ኖራ፣ ሲሚንቶ ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ብዙ ከሆነ እስከ 1 ሰዓትና ከዛም በላይ። ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ እንደ ኮስቲክ ቁጠሩት።

ከቧንቧው የመጣው ውሃ የሚያቃጥል ከሆነ የጥላውን በርሜል በጆግ እያፈሰሳችሁ ጀምሩ፣ ጎማውን መሬት ላይ ልቀቁትና ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። ቆሞ የሚጠበቅ ነገር የለም። ንጹህ ውሃ ጨርሶ ከጠፋ ያገኛችሁትን የሚጠጣ ነገር አፍስሱ፣ የታሸገ ውሃም ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከኋላ ከሚመጡት ሁሉ ይበልጣሉ።

5. በፒኤች ወረቀት አረጋግጡ። ከላይ የተባለው ደቂቃ ሲሞላ ውሃውን አቁሙ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁና እርጥቡ ቆዳ ላይ ወረቀቱን ንኩት። 7 አካባቢ ከሆነ ጥሩ። 9 ወይ 10 ካሳየ ገና ከውስጥ እየወጣ ነው፣ እንደገና ወደ ውሃው። ወዲያው አትለኩ፣ ወዲያው ከለካችሁ የምትለኩት የቧንቧውን ውሃ ነው።

ይሄን የምጨቀጭቀው ስለደረሰብኝ ነው። ድሮ የሳሙና ሥራ ላይ እያለሁ (የት እንደሆነ ተዉት) አንድ ልጅ ቡቱ ውስጥ ኮስቲክ ገባበት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ተረኛው እኔ ነበርኩ፣ አምስት ደቂቃ አጠብኩት፣ ማሟለጩ ቆመ፣ "አያምም ወይ?" ስለው "አያምም" አለኝ፣ በቃ ብዬ ለቀቅኩት። ካልሲውን አጥቦ እዛው እርጥቡን አድርጎ ሥራ ቀጠለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እናቱ ናት የደወሉልኝ፣ እግሩ አናቱ ላይ ነጭ ሆኗል፣ ሲነኩትም አይሰማውም። አለማመሙ ደህና መሆኑ ሳይሆን ነርቩ ስለሞተ እንደሆነ ሐኪሙ ነው የነገረን።

6. ሸፍኑ። ንጹህ ጨርቅ ወይ ስስ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ አልብሱት፣ እጅ ላይ ዙሪያውን አትጠምጥሙ፣ ሲያብጥ ያንቀዋል። ውሃ የቋጠረ ካለ አታፍርጡ። በረዶ አታድርጉ። ሰውየው ረጅም ሰዓት ሲታጠብ ስለቆየ ሊንቀጠቀጥ ይችላል (አዎ፣ ድሬም ላይ)፣ ያልተጎዳውን አካል በጋቢ ሸፍኑት።

7. ሐኪም ቤት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ያዙ፣ ግን አጥባችሁ ስትጨርሱ ነው፣ ሳትታጠቡ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል መሮጥ ትልቁ ስህተት ነው፣ መንገድ ላይ የምታጠፉት 15 ደቂቃ ቆዳ ነው። ከባድ ሆኖ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከተላከማ የደንገጎን ዳገት አስቡት። ዓይን ከሆነ ጀሪካኑን ይዛችሁ ባጃጁ ውስጥም እያፈሰሳችሁ ሂዱ፣ ሾፌሩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

የኬሚካሉን ስም የያዘውን ሌብል በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ሴፍቲ ዳታ ሺቱ (የኬሚካሉን አደጋ የሚገልጸው ወረቀት) ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። "አንድ ነጭ ነገር ነው" ብትሉ ሐኪሙ ምን ያድርግ? ሰዓቱንም ጻፉ፦ መቼ ፈሰሰ፣ መቼ መታጠብ ተጀመረ፣ ስንት ደቂቃ። የቴታነስ ክትባትም ጠይቁ።

የግድ መሄድ ያለባችሁ፦ ፊት፣ ዓይን፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፤ ከመዳፋችሁ ከሰፋ፤ ነጭ፣ ቡናማ ወይ ጥቁር ከሆነ፤ ስትነኩት የማይሰማ ከሆነ፤ ካሳላችሁ ወይ ድምፅ ከጎረነነ። ኮስቲክ ከሆነማ ትንሽም ብትሆን ታዩ።

ዓይን ከሆነ

ዓይን ለብቻው ነው፣ ከሁሉም ይቀድማል። የኮስቲክ ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ብሌኑን አልፎ ይገባል።

1. የተጎዳው ዓይን ከታች እንዲሆን ጭንቅላቱን አዘንብሉ፣ ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ ይፍሰስ፣ አለዚያ ደህናውን ዓይን ታጠፉታላችሁ።
2. የዓይኑን ሽፋን በጣት ግልጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሰውየው ይጨፍናል፣ ይታገላል፣ የሰው ተፈጥሮ ነው፣ ሌላ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝ። ተጨፍኖ የታጠበ ዓይን አልታጠበም።
3. ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ግራ ቀኝ እንዲያይ ንገሩት፣ ሽፋኑ ስር የተደበቀው እንዲወጣ። የኖራ ወይ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ካለ በርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጫፍ ከሽፋኑ ስር አውጡ፣ ፍርፋሪው እስካለ ድረስ መርዙን እየለቀቀ ነው።
4. ኮንታክት ሌንስ ካለ እየታጠበ ይውጣ።
5. ቢያንስ 30 ደቂቃ። ሳላይኑን አትቆጥቡ፣ ሳላይን እስኪመጣ ብላችሁም አትቁሙ፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል።
6. አትሹ፣ አትጠምጥሙ፣ የቤት ጠብታ አታድርጉ፣ በቀጥታ ሐኪም።

ከተዋጠ

አታስታውኩት። ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። ወተት በግድ አታጠጡ። አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይትፋ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት። ይሄ የሚመጣው ከየት መሰላችሁ? ከሃይላንድ ነው። ኮስቲክና አሲድ በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድቶ ቤት መውሰድ፣ ከዛ ልጅ ወይ ውሃ የጠማው ሰው ያነሳዋል። በምግብና በመጠጥ ዕቃ ኬሚካል አይቀዳ፣ አለቀ።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ

አንዳንድ የአሉሚኒየምና የስቴንለስ ማጽጃ ውስጥ አለ፣ ሌብሉን አንብቡ። መጀመሪያ ትንሽ ቀይ ነገር ነው የሚመስለው፣ ከሰዓታት በኋላ አጥንት የሚበላ ሕመም ይመጣል። ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዘው መዳፍ የምታክል ቁስል ልብ ልታቆም ትችላለች። ለ5 ደቂቃ በደንብ አጥቡ፣ ከዛ 2.5 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በጓንት እያሻሻችሁ ቀቡ፣ ሕመሙ እስኪቆም ደጋግሙ፣ ጄሉ ከሌለ ማጠቡን ሳታቋርጡ ሐኪም ቤት ሂዱ። ይሄን አሲድ ገዝቶ ጄሉን ያልገዛ ድርጅት ካለ ሥራውን አትጀምሩ።

ሁሌ የማያቸው ስህተቶች

- ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቤኪንግ ሶዳ ማፍሰስ። አሲድና ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ፣ እንደ ኮስቲክ ያለው) ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል፣ ያ ሙቀት ቆዳችሁ ላይ ነው የሚወጣው። ከዛም በላይ ሎሚ ፍለጋ የሄደው ሰው እስኪመጣ ውሃ አልፈሰሰም።
- የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቡና፣ ቫዝሊን። ኬሚካሉን ከውስጥ ያሽጉታል፣ ሐኪሙም ለማየት ሲል እየፋቀ ማውጣት አለበት፣ ያኔ ታለቅሳላችሁ።
- የጨርቅ ወይ የቆዳ ጓንት። ይጠጣል፣ ይዞም ይቆያል።
- ሱሪን ቡት ውስጥ መክተት። ቡቱ ፈንል ይሆናል። ሱሪ ከቡት ውጭ ይውረድ።
- መነጽር አድርጌያለሁ ማለት። የፀሐይ መነጽርም የንባብ መነጽርም በጎን በኩል ክፍት ነው፣ ዙሪያውን የሚገጥም ጎግል ያስፈልጋል።
- ኮስቲክ ላይ ውሃ መድፋት። ሁሌም ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ፣ ከዛ ኮስቲኩን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ አሲድም እንደዚሁ። ሲገለበጥ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። ሙቅ ውሃ ቶሎ ያሟሟል ብሎ ያስተማራችሁ ፎርማን ካለ አትስሙት።
- በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር መቀላቀል። ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው።

ከታከማችሁ በኋላ የአደጋ ፎርም ሳይሞላ ከግቢ አትውጡ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ያየ ሰው ስም ይጻፍ፣ ኮፒውን ያዙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መከላከያ ዕቃ ማቅረብም አደጋ መመዝገብም የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ቁስሉ ከሳምንት በኋላ ሲብስ "እዚህ አልደረሰም" እንዳትባሉ።

ይሄን ካነበባችሁ በኋላ ነገ ጠዋት ሺፍት ከመጀመሩ በፊት ሻወሩን ክፈቱት። ውሃ ከመጣ እጃችሁን ስር አድርጉና ሙቀቱን እዩ፣ ቀዳዳው ከደፈነ ነቅላችሁ ዘፍዝፉት፣ ምንም ካልመጣ ኮስቲኩን ከመክፈታችሁ በፊት በርሜሉን ሙሉ።